ይፋት፦ ከአበጋዝ እስከ ወረዳ፤ ስለ ድንበር አገሩ አስተዳደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ይፋት የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ በአያቶቻቸው የግብር ደረሰኝ ላይ «ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ» የሚል ጽሑፍ አይተው ዛሬ ካርታ ላይ ቢፈልጉት ያጡት ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ትምህርት ቤት «የይፋት ሱልጣኔት» ሲባል ሰምተው፣ ያ አገርና በአውቶቡስ የሚያልፉበት የሸዋ ሮቢት ቆላ አንድ መሆን አለመሆኑ ያልገባቸው ናቸው። ለሁለቱም የምችለውን ያህል እዚህ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የአውሮፓውን ስጠቅስ «እ.ኤ.አ.» ብያለሁ።

ይፋት የምንለው የትኛውን አገር ነው?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ያዙና ጣርማ በር ላይ ቁሙ። የቆማችሁበት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ጉም የማይለየው ደጋ ነው። ከእግራችሁ ሥር ገደሉ ተሰንጥቆ ወርዶ፣ ከደብረ ሲና በታች ማሽላና ጤፍ፣ ማሾና ጥጥ ወደሚበቅልበት ቆላ ይገባል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር አይሞላም። ከዚያ ወዲያ አገሩ እየተዘረጋ ወደ አዋሽና ወደ አፋር በረሃ ይሄዳል። ይፋት ይህ ቁልቁለትና ከሥሩ ያለው ቆላ ነው። ደጋ ላይ ያደጉት አያቴ «ይፋት እወርዳለሁ» ነበር የሚሉት፤ «ይፋት እሄዳለሁ» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

በዚህ ቁልቁለት አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛሉ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙም እንዲሁ። የአስተዳደር ታሪኩን ለመረዳት መጀመሪያ መያዝ ያለበት ይህ ነው። የደጋው ሰው ጨውና ጥጥ ይፈልጋል፤ የቆላው ሰው እህል ይፈልጋል፤ ማንም መንግሥት ቢመጣ ይህን መተላለፊያ የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልገዋል።

የታሪክ መጽሐፉ «የይፋት ሱልጣኔት» እና የእኛ ይፋት አንድ ናቸው?

የሱልጣኔቱ እምብርት ይኸው አገር ነበር፤ ግዛቱ ግን ከዛሬው ይፋት እጅግ ይሰፋል። የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 ገደማ የሸዋን የሙስሊም መንግሥት አጥፍቶ ራሱን አደላደለ። ኃይሉ በአንድ ወቅት እስከ ዘይላ የንግድ መስመር ይዘልቅ ነበር። ከዚያ ዐፄ አምደ ጽዮን መጡ። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1332 ከይፋት ገዢ ከሰብረዲን ጋር ያደረጉት ጦርነት ይፋትን የክርስቲያኑ መንግሥት ገባር አደረጋት። ነገር ግን ንጉሡ ገዢውን ቤት አላጠፉትም፤ ከዚያው ቤት ሌላ ሰው ሾሙ። ይህ ዘዴ ከ500 ዓመት በኋላ በሸዋ ነገሥታት ዘመን እንደገና ይመጣልና ልብ በሉት።

ሱልጣን ሰዓደዲን ዘይላ ላይ ከተገደለ በኋላ የቤቱ ተወላጆች ወደ ምሥራቅ አፈግፍገው በአዳል ስም ተነሡ። የድንጋይ ግንባቸው ግን እዚሁ ቀርቷል። ከገደሉ ሥር ኖራን በመሰሉ ቦታዎች የመስጊድና የከተማ ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል። ከብት የሚያግዱ ልጆች የሚቀመጡበት ያ ድንጋይ ከላሊበላ ዘመን ብዙ የማይርቅ ነው። ከዚህ የበለጠ እንክብካቤ ይገባዋል።

በሸዋ ነገሥታት እጅ የገባችው መቼ ነው?

በአንድ ቀን አልገባችም። ከመንዝ የተነሡት፣ መርዕድ አዝማች የሚባሉት የሸዋ ገዢዎች ከነጋሲ ጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሰፉ። በአምኃ ኢየሱስና በአስፋ ወሰን ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ18ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ መናገሻው አንኮበር ሆነ። አንኮበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይፋትን ከሰገነቱ ያያታል። ሣህለ ሥላሴ (1805–1840) ራሳቸውን ንጉሥ ሲያሰኙ ይፋት ከሸዋ ቀጥላ በማዕረጋቸው ውስጥ በስም ትጠራ ነበር። አንድ አውራጃ በንጉሥ ማዕረግ ላይ ስሟ ለብቻ ከተጻፈ ክብደቷን መገመት አያስቸግርም።

አበጋዝ ምን ማለት ነው? ወላስማስ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

አበጋዝ የጠረፍ አገር የሚጠብቅ፣ ጦርም ግብርም በእጁ የሆነ ሹም ነው። በመሐል አገር ያለ ሹም ንጉሡ ሲፈልጉ ይሽሩታል፤ በሌላ ይተኩታል። የጠረፉ አበጋዝ ግን ከሚጠብቀው ሕዝብ ጋር በደም፣ በሃይማኖትና በቋንቋ የተሳሰረ መሆን ነበረበት፤ አለዚያ ጠረፉ አይጠበቅም። ስለዚህ ሹመቱ ከአባት ወደ ልጅ ይሄድ ነበር።

በይፋት ይህን ሥልጣን የያዘው የወላስማ ቤት ነው። ስሙ የድሮው ሥርወ መንግሥት ስም መሆኑን አስተዋላችሁ? የሱልጣኖቹ ዘር ነን የሚሉ የአርጎባ ሙስሊም ሹማምንት፣ «ወላስማ» የሚለው ስም ማዕረግ ሆኖላቸው፣ ለክርስቲያን ንጉሥ ጠረፍ ይጠብቁ ነበር። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ሹሙ ወላስማ መሐመድ ነበር። ሥራው ሦስት ፈርጅ ነበረው።

የመጀመሪያው በሩን መጠበቅ ነው። ከታጁራ ወደብ በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚመጣ ቅፍለት መጀመሪያ የሚደርሰው ከገደሉ ሥር ካለችው ፋሬ ነው። ነጋዴም ሆነ የውጭ አገር መልእክተኛ ከፋሬ ወዲህ ያለ ወላስማው ፈቃድ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ እንኳ ዕቃው ተይዞበት፣ ከወላስማው ጋር ብዙ ተከራክሮ ነው ወደ ንጉሡ የወጣው። እንግሊዛዊው በጣም ተበሳጭቶ ነበር። እኔ ግን በዚህ ነገር የምፈርደው ለወላስማው ነው፤ በር ጠባቂ የተሾመው ሊጠብቅ ነውና።

ሁለተኛው ከአፋር ባላባቶች ጋር ያለውን ነገር መያዝ ነው። ንጉሡ በረሃውን በጦር አልያዙትም፤ መንገዱ ክፍት የሚሆነው በስጦታ፣ በመሐላና በዝምድና ነበር። ያንን ዝምድና የሚያውቀው ወላስማው ነው።

ሦስተኛው ግር ያሰኝ ይሆናል፤ የንጉሡ የገዛ ዘመዶች የሚታሰሩበትን የጎንቾን እስር ቤት የሚጠብቀውም እሱ ነበር። ዙፋን ሊመኙ የሚችሉ ወንድሞችና የአጎት ልጆች ጎንቾ ይወርዱ ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። ለሸዋ ዙፋን መወዳደር የማይችል ሙስሊም ሹም ለዙፋን ተወዳዳሪዎች ከሁሉ የታመነ ጠባቂ ነው።

አልዩ አምባ ምን ነበረች?

ገበያ ነበረች፤ የመንግሥቱም ካዝና ጭምር። ከአንኮበር በታች ባለች ኮረብታ ላይ ዓርብ ዓርብ ትቆም ነበር። ከበረሃው አሞሌ ጨው፣ ከባሕር ማዶ ጨርቅና ዕቃ ይመጣል፤ ከደጋው እህልና በቅሎ ይወርዳል፤ ከደቡብ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይደርሳል። ከአርጎባው፣ ከአፋሩና ከአማራው ሌላ ከሐረር የመጡ ነጋዴዎችም ይኖሩባት ነበር። ከጎኗ የነበረችው አብደል ረሱል የባሪያ መሸጫ ነበረች። ይህንን ሳይጠቅሱ ስለ ይፋት ንግድ ማሞገስ እውነትን መግመስ ነው፤ ሰዎች በዚያች ቁልቁለት ታስረው ወደ ባሕር ተነድተዋል፤ ንጉሡም፣ ሹሙም፣ ነጋዴውም ከዚያ ቀረጥና ትርፍ ሰብስበዋል።

በቴዎድሮስና በምኒልክ ዘመን ምን ተለወጠ?

በ1848 ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋ ሲገቡ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ፤ ልጃቸው ምኒልክም ተማርከው መቅደላ ወረዱ። ሸዋ በቴዎድሮስ ሹማምንት ሥር ቆየች። ምኒልክ በ1857 መጨረሻ ከመቅደላ አምልጠው ሲመለሱ የአያታቸውን የሣህለ ሥላሴን አሠራር መልሰው ያዙ። በ1870 ግን ሁለት ነገር ተከሰተ። ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ ገበሩ፤ በዚያው ዓመት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሙስሊም ሹማምንት ክርስትና እንዲነሡ ወይም ሹመታቸውን እንዲለቁ ተወሰነ። ሹመቱ ከሃይማኖቱ ጋር ተያይዞ ለዘመናት ለኖረበት ለይፋት ይህ ከባድ ነገር ነበር።

ይፋትን ከሁሉ በላይ የለወጣት ግን በይፋት ውስጥ የሆነ ነገር አይደለም። በ1879 ምኒልክ ሐረርን ያዙ፤ በዚያው ዘመን መናገሻው ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ቀጥሎ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። የባሕሩ በር ከፋሬ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። ጠረፉ ወደ ኦጋዴን ስለ ሄደ ይፋት ድንበር መሆኗ ቀረና መሐል አገር ሆነች። የጠረፍ ጠባቂ ክብርም አብሮ ሄደ። አልዩ አምባ ዛሬ አንኮበርን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው ከላይ ሆኖ የሚያያት ትንሽ ከተማ ናት።

በ1909 ጥቅምት ይፋት ለጥቂት ቀናት የታሪክ መሐል ሆና ነበር። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ሲገሠግሡ ቶራ መስክ ላይ የሸዋው ጦር አዛዥ ራስ ልዑልሰገድ ወደቁ፤ ጥቅምት 17 ግን ሰገሌ ላይ ንጉሡ ተማረኩ። የአፋር በረሃም ለልጅ ኢያሱ መሸሸጊያ ሆነ።

መልከኛ፣ ምስለኔ፣ ጭቃ ሹም፤ ልዩነታቸው ምንድነው?

መልከኛ በአንድ አገር ላይ ግብር እንዲበላ የተተከለ ሹም ነው። ምስለኔ ትልቁን ገዢ ወክሎ የሚሠራ ነው። ጭቃ ሹም ከመንደሩ የወጣ፣ እያንዳንዱን ገበሬ በስሙ የሚያውቅ፣ ግብሩን ሰብስቦ የሚያስገባ ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሹሙ ከሚያስገብረው ላይ ይኖራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለው ከዚያ አሠራር የወጣ ነው፤ ተረቱን የምንስቅበት ብንሆንም ገበሬው ግን አልሳቀበትም። በምኒልክ ዘመን ለወታደሩ ቀለብ አሥራት ሲጨመር ሸክሙ ይበልጥ ከበደ።

ጣሊያን ምን አደረገ?

በ1928 አገሩን ከያዘ በኋላ የራሱን ክፍፍል አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የአዲስ አበባን ግዛት አስፍቶ «ሸዋ» አለው። በወረቀት ላይ ነው እንጂ በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋና በይፋት ገደሎች አርበኞቹ ነበሩ። ከአስተዳደሩ ይልቅ የቀረው መንገዱ ነው። የጣርማ በር ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። መንገዱ በዚያ መውጣቱ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አሳድጎ የአንኮበርን አሮጌ ቁልቁለት አስረሳ።

«ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ» እንዴት መጣ? እንዴትስ ጠፋ?

ነሐሴ 21 ቀን 1934 የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ከፈለ። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ለይፋት ግን ትልቅ ለውጥ ነበር። ገዢው ከዚያ ወዲያ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ተጠሪነቱ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር፣ ግብሩ ለገንዘብ ሚኒስቴር። የራሱ ጦር የለውም። በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር በሰሜን በኩል ይፋትና ጥሙጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ተጉለትና ቡልጋ፣ መርሐ ቤቴ፣ ሰላሌ የሚባሉት አውራጃዎች የዚህ ሥርዓት ናቸው። ስሞቹን ልብ በሉ፤ አብዛኞቹ ሁለት አገር በ«ና» ያጣመሩ ናቸው። ጽሕፈት ቤቱ አንድ አድርጎ ቢያሠራቸውም ሕዝቡ ሁለትነቱን አልተወም።

በ1958 አውራጃዎች ራሳቸውን በምክር ቤት እንዲያስተዳድሩ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ገንዘብ ስላልተፈቀደለት ሳይሠራበት ቀረ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምቆጭበት ይህ ነው። ይፋት ውስጥ ብዙ ዓይነት ሕዝብ አንድ አዳራሽ ተቀምጦ በውኃና በግጦሽ ላይ የሚነጋገርበት ዕድል ያኔ ነበር።

ደርግ ሲመጣ ጠቅላይ ግዛት ክፍለ ሀገር ተባለ። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የመሬት ዐዋጅ የባላባቱንና የመልከኛውን ቤት ከሥሩ ነቀለ፤ የጭቃ ሹሙን ሥራ የገበሬ ማኅበር ወሰደው። በ1980 የሸዋ ክፍለ ሀገር ራሱ ተከፋፍሎ ሰሜን ሸዋ ለብቻው አስተዳደር አካባቢ ሆነ፤ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። ከ1984 ወዲህ በተዘረጋው ሥርዓት ደግሞ አውራጃ የሚባለው እርከን ከናካቴው ቀረ።

የአያቴ ወረቀት «ይፋትና ጥሙጋ» ይላል። ዛሬ የት ቢሮ ልሂድ?

የአውራጃውን ስም ትታችሁ የወረዳውንና የቀበሌውን ስም ፈልጉ። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ከሆነ ቀወት ወረዳ ነው። አጣዬ ወይም ካራ ቆሬ ከሆነ ኤፍራታና ግድም። መኮይ ወይም ማጀቴ ከሆነ አንጾኪያና ገምዛ። ደብረ ሲና ከሆነ ጣርማ በር፤ አሮጌው ወረቀት «ማፉድ» ወይም «ማፉድ መዘዞ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ እንዳያሳስታችሁ። እነዚህ ሁሉ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ናቸው።

ሰንበቴና አካባቢዋ ከሆነ ግን ጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ነው፤ እሱም በዚያው ክልል ሆኖ ዋና ከተማው ከሚሴ የሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። ከአውራጃው ስም የወረዳ ስም ሆና የቀረችው ጥሙጋ ብቻ ናት፤ ይፋት የሚል ወረዳ የለም። የአርጎባ ቀበሌዎች ከሆኑ ደግሞ ሁለት ልዩ ወረዳ አለ፤ አንዱ በአማራ ክልል፣ ሌላው ጋጪኔ ዋና ከተማው ሆኖ በአፋር ክልል። ስትጠይቁ የአያታችሁን መንደርና በአቅራቢያው ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጥሩ። የወረዳ ስም ተቀያይሯል፤ የደብሩና የመስጊዱ ስም ብዙ አልተቀየረም።

ሰሜን ሸዋ ሁለት የሆነው ለምንድነው?

ከ1984 በኋላ ክልሎች በቋንቋ ሲዋቀሩ የድሮው ሸዋ ተከፈለ። በአማራ ክልል ያለው ሰሜን ሸዋ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ነው፤ በኦሮሚያ ያለው ሰሜን ሸዋ ዋና ከተማው ፍቼ ሲሆን የድሮውን የሰላሌ አውራጃ ይዟል። ደብዳቤ ስትጽፉ ክልሉን ጨምሩ።

የቅርቡ ግጭት ከዚህ ታሪክ ጋር ይገናኛል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ አጣዬ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ጭምር ስለሆኑ ቃሌን መርጬ ነው የምመልሰው። በ2013 በአጣዬ፣ በካራ ቆሬና በሰንበቴ አካባቢ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ከተማ ነድዷል። በ2014 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ። ለዚህ ሁሉ የድሮውን አበጋዝ ወይም አውራጃ ምክንያት ማድረግ አይቻልም፤ የገደሉትና ያቃጠሉት በዚህ ዘመን ያሉ ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ግን እላለሁ። በድሮው ጊዜ በደጋውና በቆላው፣ በክርስቲያኑና በሙስሊሙ መካከል ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ሁለቱም የሚያውቁት ሰው በሹመት ይቀመጥ ነበር። ያ ሰው ጨቋኝም ነበር፤ አስገባሪም ነበር፤ ማንም እንዲመለስ አይመኝም። አውራጃውም ሲፈርስ ግን አጣዬንና ሰንበቴን በአንድ ጽሕፈት ቤት የሚያገናኝ ቀረ። ዛሬ አንዷ በአንድ ዞን፣ አንዷ በሌላ ዞን ናት፤ በእሑድ የሰንበቴ ገበያ ግን ከሁለቱም ወገን ሰው ይመጣል። የአጣዬ ሽማግሌዎች ስለ ከብት ወይም ስለ ግጦሽ ከሰንበቴ ሽማግሌዎች ጋር የሚገናኙት ብዙ ጊዜ በዚያ ገበያ ነው።